ወረቀት ይዞ የመጣ ውሻ

አሰላ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ እህት ልጅ ለሠናይት መዝገቡ፣ ካልጋሪ።

ልጄ ሠናይት፣ ሥላሴ በወጣሽ በገባሽበት ይጠብቁሽ፤ ልጅሽን ናሆሚንም ለወግ ለማዕረግ ያብቁልሽ። ክረምቱ ገብቷል፣ የጭላሎ ተራራ በደመና ከተሸፈነ ሁለት ሳምንት ሆነው። እኛ ደኅና ነን።

ስልክ ብትደውዪ እንደማልሰማሽ ታውቂያለሽ። ጆሮዬ ፈጽሞ ዘግቷል፤ ደመቀች ጎረቤቴ እንኳ የምትለኝን በወረቀት ነው የምትጽፍልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬያለሁና ወረቀት አይሰለቸኝም። አንቺም እንደ ድሮው በእጅሽ ጻፊልኝ።

ጉዳዬ ስለ ቴዎፍሎስ ነው። ባለቤቴ ወለተማርያም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሞት ልጃችንን አደራ ያለችው ለአንቺ ነበር። ካልጋሪ ሲገባ የተቀበልሽው አንቺ፣ ምድር ቤትሽ ያስቀመጥሽውም አንቺ ነሽ። በጥር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ «ሥራ አግኝቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ካምፕ ሄዷል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ብለሻል።

በመጨረሻ ያየሽው መቼ ነው? ምን ለብሶ ነበር? ምን ብሎሽ ሄደ? ምግብ ይበላ ነበር? ይተኛስ ነበር? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። የምመረምርሽ እንዳይመስልሽ፣ ሽማግሌ ዝርዝር ይወዳል።

አክባሪሽ መኳንንት


ካልጋሪ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ መኳንንት።

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔም ናሆሚም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ ቦታ ሰው ቀንሰው በሳምንት አምስት ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት ነው የምሠራው። ቤት ስገባ እጄ እስክሪብቶ አይዝም።

ስለ ቴዎፍሎስ በፍጹም አያስቡ። ካምፑ ኔትወርክ ስለሌለው ነው እንጂ ደኅና ነው። ሦስት ሳምንት ይገባል፣ አንድ ሳምንት ይወጣል፤ ሲወጣም መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እዚያው ያርፋል። በቅርቡ ሰው ልኮብኝ «አባቴን ሰላም በይልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሏል። በመጨረሻ ሳየው ያን ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። እንዲያውም ወፍሯል።

ይልቅ የሚያስቅዎትን ልንገርዎት። ውሻ አሳዳጊ ሆንኩልዎ። ናሆሚ ዘጠኝ ዓመት ከሞላት ጀምሮ «ዶግ፣ ዶግ» እያለች ሰፈራችንን ሳድል ሪጅን በሙሉ ስታስቸግር ከረመች። ቤት ውስጥ ውሻ ማሳደር እንዴት እንደሚታይ ይገባኛል፤ ቅዳሴ ላይ ከኋላዬ የሚቆሙት ሴቶች ነጠላዬ ላይ ፀጉር ሲያዩ አንገታቸውን ያዞራሉ። ግን ብቻዋን የምትውል ልጅ ናት፣ ምን ላድርግ።

ሱቅ ሄጄ አልገዛሁትም፤ ጌታ ያጡ እንስሳት የሚሰበሰቡበት መጠለያ አለ፣ ከዚያ ነው የወሰድነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር። ስለ እንስሳው የሚያውቁትን ሁሉ ለሚወስደው ሰው በጽሑፍ መስጠት ግዴታ የሚሆንበት ሕግ ሊወጣ ነው እየተባለ ነው፤ ይኼ መጠለያ ሕጉን ሳይጠብቅ ጀምሮታል። ሠራተኛዋ ደቦራ ትባላለች፣ ቁጭ አድርጋ ገጽ በገጽ አነበበችልኝ። ዕድሜው፣ ክትባቱ፣ ሰው ነክሶ እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ። እኔ መኪና ስገዛ እንኳ ይኼን ያህል አልተነገረኝም።

ታዲያ ወረቀቱ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። «አይጮህም። ጉሮሮው ተመርምሯል፣ ጤነኛ ነው» ይላል። ደግሞ «ምግብ ቀርቦለት ቃል ካልተነገረው አይበላም፤ ቃሉን የቀድሞ ባለቤቱ እኛ ማንበብ በማንችለው ፊደል ጽፎታል» ይላል። አራት ወር ሙሉ የወሰደው ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው። እያባበሉ በእጅ ነበር የሚያጎርሱት።

ገና ስንገባ ከሌሎቹ ሁሉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ናሆሚ መጣ። ጫማዋን አሽትቶ እግሯ ሥር ተጋደመ። ደቦራ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም አለች። ቤት አምጥተን ሁለት ቀን አልበላልንም። በሦስተኛው ቀን ቢጨንቀኝ እንደ ሰው «በሞቴ ብላ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ሳህኑን ላሰው። አሁን በየቀኑ «በሞቴ» ካላልኩት አይቀምስም። ናሆሚ በአማርኛ የምትችለው አንድ ቃል ይኸው ሆኗል።

መጠለያው ቢስኩት ብሎታል፣ እኛም አልቀየርነውም። አንድ መጥፎ ዐመል ብቻ አለው፣ የጋራዥ በር ሲከፈት ሮጦ ይደበቃል። ከዚያ ውጭ ውሎ አዳሩ የምድር ቤቱ፣ የቤዝመንቱ፣ በር ሥር ነው። ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም። በበረዶው ወራት እዚያ ታች ኮሽታ እየሰማሁ ስቸገር ቄስ ጠርቼ ጠበል አስረጭቼበታለሁ፣ አሁን ጸጥ ብሏል።

ልጅዎ ሠናይት


አሰላ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሠናይት።

ዘመኑን የጤና፣ የእንጀራና የእውነት ያድርግልሽ። ደብዳቤሽ በሃያ አምስት ቀኑ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብነው።

ስለዚያ ሕግ የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት መዝገብ አገላብጫለሁ፤ የሰው ጠብ አብዛኛው የሚነሣው ሰጪው የሚያውቀውን ለተቀባዩ ሳይነግር ሲቀር ነው። ቤት የሚሸጥ ሰው ጣሪያው እንደሚያፈስ ይደብቃል፣ በሬ የሚሸጥ መዋጋቱን ይደብቃል። ለውሻ ይኼን ያህል ያሰበ ሕግ ብልህ ሕግ ነው። ለሰው የሚሆንም ካላቸው ላኪልኝ።

«በሞቴ» ያልሽው ቃል ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ቴዎፍሎስ ልጅ ሳለ እናቱ ሦስቴ «በሞቴ» ካላለችው አይጎርስም ነበር። አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል፣ ለዕረፍት እኛ ዘንድ ስትመጪ አንድ ትሪ ላይ ነበር የምትበሉት።

የምጠይቅሽ ጥቂት ነው። የውሻው የግራ ጆሮ ነጭ ነው ወይስ አይደለም? የቀኝ የፊት እግሩን ሲቆም ከመሬት ያነሣል? ወረቀቱ ስንት ገጽ ነው? ሁሉንም ሰጥተውሻል ወይስ የቀረ አለ?

ወፍሯል ማለትሽን አንብቤያለሁ።

መኳንንት


ካልጋሪ፣ መስከረም 28 ቀን 2018

ይድረስ ለጋሼ መኳንንት።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገርዎት። ቆንጅት የምትባል የማኅበራችን ሴት ወደ አገር ቤት እየገባች ስለሆነ አንድ ሹራብ ልኬልዎታለሁ። ከቴዎፍሎስ ነው። ካምፕ ሆኖ አስቦ ገዝቶ ነው የላከልዎ።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የቢስኩት ግራ ጆሮ ነጭ ነው። ቀኝ እግሩንም ያነሣል፣ የድሮ ስብራት ነው ይላል ወረቀቱ። ይኼን ግን እኔ አልጻፍኩልዎትም። ደብዳቤዬን ከመላኬ በፊት በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ስለነበር ቃል በቃል ደግሜ አየሁት። ስለ ጆሮም ስለ እግርም የለበትም። ከማን ሰሙ? ናሆሚ የሆነ ቦታ ፎቶውን ለጥፋ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት፣ አላደረግሁም አለች።

ሌላም አለ። «እኛ ደኅና ነን» ይላሉ፣ «አነበብነው» ይላሉ። እቴቴ ወለተማርያም ካረፈች በኋላ ብቻዎን ነበሩ። ሰው አስጠግተዋል እንዴ? ካስጠጉ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ።

ወረቀቱ ለእኔ የተሰጠኝ ሦስት ገጽ ነው። የቀድሞው ባለቤት የሞላው ፎርም ለብቻው አለ፤ ጠይቄ ካልወሰድኩ አይሰጡም። ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት።

ደግሞ ለምን እንደምነግርዎት አላውቅም እንጂ፣ ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤዝመንቱን በር ከፈትኩለት። ወርዶ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ፍራሽ አጠገብ ተቀመጠ። ፍራሹ ላይ አልወጣም። ሰው የተኛበት ይመስል ጎኑን ይዞ ጠበቀ። ብጠራው አልመጣ አለኝ፤ እኔም መውረድ ፈራሁና ናሆሚን ይዤ ሬድስቶን ወዳለች ጓደኛዬ ቤት ሄጄ አመሸሁ። በገዛ ቤቴ ፈርቼ።

ቴዎፍሎስ ሰላም ብሎዎታል።

ሠናይት


አሰላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠናይት።

አምላክ ልብሽን ያበርታው። ሹራቡ ደርሷል፣ ልኩ ነው።

ከማን ሰሙ ላልሽው ጊዜው ሲደርስ እመልስልሻለሁ። አስቀድሜ እኔ ልጠይቅ።

ወደ ምድር ቤትሽ የሚያወርደው ደረጃ አሥራ አንድ ነው፣ ከታች ሦስተኛው እርከን ተሰንጥቋል። ትክክል ነው? ጣሪያው ሥር በአግድሙ ረዘም ያለች ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሚታየው የሚያልፍ ሰው እግር ብቻ ነው። ትክክል ነው? በዚያች መስኮት ቀይ ቡትስ ያደረገች ልጅ ታልፋለች፣ አንዳንዴ ቆማ በረዶ ትረግጣለች። ናሆሚ ቀይ ቡትስ አላት?

አትደንግጪ። ወይም ደንግጪ፣ ግን ጻፊ።

ሁለተኛ፣ ያን ፎርም ሄደሽ ውሰጂው። ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፣ መብት አለሽ። እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ አንዲት ሴት በየወሩ እየመጣች የባሏን መዝገብ ታስወጣና ሳትገልጠው ትመልስ ነበር። ሰባት ዓመት ተመላለሰች። አንቺ እንደሷ እንዳትሆኚብኝ።

መኳንንት


አሰላ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠናይት።

ደኅንነትሽን እመኛለሁ። መልስ አልመጣም። ፖስታ ቤት በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄድኩ ሳጥኔን እከፍታለሁ፤ ሠራተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ ልብስም አትላኪ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልጄ ቤትሽ ሳለ ምን እንደሆነ። የካምፑን ወሬ ተይው።

መኳንንት


ካልጋሪ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ጋሼ መኳንንት፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። በእናቴ አፅም ይዤዎታለሁ፣ ይኼን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይጥሉት።

ያን ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ናሆሚ ተኝታ እያለች ቡትሷን ከቁም ሣጥን አውጥቼ አየሁት። ቀይ ነው። ደረጃውንም ቆጠርኩ፤ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፣ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እጄ አልጽፍ አለኝ። የሞተ ሰው ነው የሚነግራቸው ብዬ አሰብኩ። ማን ሊነግርዎት ይችላል ሌላ?

ፎርሙን ወሰድኩ። ደቦራ ስትሰጠኝ ስሙን በጥቁር አጥፍታዋለች፤ የእንስሳውን ነገር መስጠት እንጂ የሰውየውን ስም መስጠት አይፈቀድልንም አለችኝ። ስም አላስፈለገኝም። ለምግብ ምን ይባላል በሚለው ጥያቄ ሥር በፊደላችን «በሞቴ» ተብሎ ተጽፏል። የ«በ» እግሯን ወደ ውስጥ የሚያጥፋት ማን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሰውየው ተናግሮ ነበር ወይ አልኳት። «አንድም ቃል አልወጣውም። የምንጠይቀውን በጽሑፍ እየመለሰ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ» አለችኝ።

ኮፒውን ልኬልዎታለሁ፤ እንግሊዝኛውን እኔው በአማርኛ ላስቀምጥልዎ።

ከየት አገኙት? «ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ከአንድ ሱቅ መኪና ማቆሚያ። ሦስት ቀን ታስሮ ቆሞ ነበር፣ የመጣለት የለም።»

ስሙ ማን ነው? «ስም አላወጣሁለትም። ሁለታችን ብቻ ስለሆንን አላስፈለገም።»

የት ያድር ነበር? «ማታ መኪና ውስጥ። ቀን ቀን ሰው የማይኖርበት ቤዝመንት አለ፣ ቁልፉን አስቀርቼ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሥራ ስትሄድ እንገባለን፣ ከመምጣቷ በፊት እንወጣለን።»

ልጅ ይለምዳል? «አንዲት ልጅ በመስኮት ሲያይ ከርሟል። ቀይ ቡትስ አላት። አልጮኸባትም። እንዳይጮህ አስተምሬዋለሁ።»

ምን ያስፈራዋል? «የጋራዥ በር ሲከፈት።»

ጋሼ፣ ጋራዡን የምከፍተው እኔ ነኝ።

አሁን እውነቱን ልንገርዎ። ቴዎፍሎስ ካምፕ ሄዶ አያውቅም። አምና ኅዳር 14 ቀን እኔ ነኝ ያስወጣሁት። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ጀምሮ መናገር እያቆመ ሄዶ ነበር። ሥራ ተወ። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል፣ ትሪውን ሳይነካው ይመልሳል። ሐኪም ጋ ልውሰድህ ማለት ሲገባኝ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። የናሆሚ ጓደኛ እናት «ታች ያለው ሰውዬ ማነው?» አለችኝና አፈርኩ። ሞርጌጁም፣ የቤቱ የባንክ ዕዳ፣ ጨምሮ ነበር፣ ቤዝመንቱን የሚከራይ ሰው ተገኘ። ሻንጣውን በር ላይ አወጣሁለት። ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። ጃኬቱን አልብሼ አንገትጌውን ዘጋሁለት፣ እንደ ደግ ሰው።

ተከራዩ መጥቶ ጣሪያው ዝቅ አለብኝ ብሎ ሄደ። ቤቱ ባዶውን ከረመ።

ከዚያ ያ ኮሽታ መጣ። አንድ የዕረፍት ቀኔ ከገበያ ቶሎ ተመልሼ ወርጄ ፍራሹን ብነካው ሙቅ ነበር። ማን እንደሆነ አላወቅሁም ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ለእርስዎ ግን አልዋሽም፣ ጠርጥሬ ነበር። ቄስ ያስጠራሁት ሰይጣን ነው ብዬ አይደለም፤ ሰይጣን ቢሆን ይሻለኝ ስለነበር ነው። ጠበል ካስረጨሁ በሦስተኛው ቀን ቁልፉን አስቀየርኩ። የካቲት 26 ቀን ነበር።

ፎርሙ የተሞላው መጋቢት 2 ቀን ነው። ለምን ይሰጡታል በሚለው ላይ እንዲህ ይላል፤ «መኪናዬን ሸጬ ትኬት ቆርጫለሁ። ነገ ወደ አባቴ እሄዳለሁ። እሱን ይዤ መግባት አልችልም።»

ነገ ወደ አባቴ እሄዳለሁ ይላል፣ ጋሼ። እርስዎ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ልጄ የት ነው እያሉ ይጽፉልኛል። እርስዎ ዘንድ ካልደረሰ የት ደረሰ? ሸምሰዲን የሚባል አብሮት የሠራ ልጅ አግኝቼ ብጠይቀው ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አያውቅም። አውሮፕላኑን ሳይሳፈር ቀርቶ ይሆን? መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን? ደረጃውንና መስኮቱን የሚነግርዎ እሱ በሕልም እየመጣ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሹራቡን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሰላምታውንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ አይደንግጥ፣ ክፉ ወሬ በወረቀት አይነገርም፣ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራለሁ እያልኩ ነበር ለራሴ። ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው።

ውሻው አሁንም ታች ፍራሹ አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ እኔም ወርጄ አጠገቡ ሆኜ ነው የምጽፍልዎ።

ሠናይት


አሰላ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠናይት።

እግዚአብሔር ለሁላችን ልቦና ይስጠን።

ቴዎፍሎስ እዚህ ነው። አምና መጋቢት 9 ቀን፣ አንድ ፌስታል ይዞ በሬን ገፍቶ ገባ። አሁን ይኼን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ሹራብሽን ለብሷል። ልኩ ነው ያልኩሽ የእሱን ነው።

መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። ጆሮ የሌለው ሰው ነኝ፤ አፉን ባይከፍትም ደክሞት ነው እያልኩ አራት ቀን አብሬው በላሁ፣ ጠጣሁ። ደመቀች ናት በአምስተኛው ቀን «ልጅዎ እኮ አይናገርም» ብላ ጽፋ ያሳየችኝ። ወረቀት ብሰጠው አይጽፍም። ይሥላል። በየቀኑ ያንኑ ይሥላል፤ ደረጃ፣ መስኮት፣ በመስኮቱ የሚያልፍ እግር፣ አንድ ጆሮው ነጭ የሆነ፣ አንድ እግሩን ያነሣ ውሻ። ቡትሱን በቀይ እስክሪብቶ ያቀልመዋል። አንድ ካርቶን ሞልቶልኛል። በሕልም የመጣብኝ የለም፣ ያየሁትን ነው የጠየቅሁሽ።

አዳማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? እዚያ ምን ደረሰበት? ድንጋጤ ነበረው? ምግብ የተወው መቼ ነው? እያለ ጻፈልኝ። ሐኪሙ ባዶ መዝገብ ከፍቶ ጠበቀኝ። ውሻው ለሦስት ገጽ የሚሆን ነገር ተጽፎለት ተሰጠሽ፤ እኔ ልጄን በእጄ ስረከብ አንድ መስመር የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ። እዚህ አለ ብልሽ ኖሮ እሰይ ብለሽ ዝም እንደምትዪ ስለማውቅ አልነገርኩሽም። ያታለልኩሽ እኔም ነኝ፣ አልክድም።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አብሮኝ አንብቧል። «እንዲያውም ወፍሯል» ያልሽበት ላይ ሲደርስ ጣቱን አስቀምጦ ቆየና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሣቅ ያልቅስ አላውቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ተቆጥቼሻለሁ። ሚስቴ አደራ ያለችሽን ልጅ በዚያ ብርድ አውጥተሻል፤ ለአንቺ ቁልፍ መቀየር ቀላል ነበር። እንዲህ በቶሎ ይቅር አልልሽም፣ ልዋሽሽም አልፈልግም። ግን ጽፈሻል። ኅዳር 14፣ የጥገኝነቱ ነገር፣ ትሪውን መመለሱ፣ ሁሉንም ገልብጬ ማክሰኞ ለሐኪሙ ወስጄለታለሁ። ሁለት ገጽ ሞላ። መድኃኒቱን ለወጠለት፤ በወር ተመለሱ ብሎናል።

አሁን ስለ ፎርሙ። ኮፒውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። የራሱን ጽሕፈት ሲያይ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። አንቺ ያልጻፍሽልኝ አንድ ጥያቄ መጨረሻው ገጽ ላይ አለ፤ የወረዳው መምህር ናት እንግሊዝኛውን ያነበበችልኝ። «እንስሳው ወደፊት ስለሚሆነው ነገር እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?» ይላል። ለአዎም ለአይደለምም ቦታ አለው፣ ሁለቱንም ባዶ ትቶታል።

ቴዎፍሎስ ያን ቦታ አየ። ከኪሴ እስክሪብቶዬን አወጣ። በአሥር ወር ከሃያ ቀን ውስጥ ከሥዕል ሌላ አንድ ፊደል ጽፎ አያውቅም። «አዎ» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም ቀኑን አስቀመጠ።

ከእንግዲህ ደብዳቤሽን በእሱ ስም አድርገሽ ላኪ። የፖስታ ሣጥኑ ያው ነው።

መኳንንት